ሄዷል፣ ዝም በሉ

ያቺ «ት» የታየችው አንድ ቀን ማለዳ ነው።

ከዚያ በፊት ታፔላው ላይ የነበሩት «ክ» እና «ፍ» ብቻ ነበሩ። አባትየው «ክፍት ነው» ብሎ ሊጽፍ ተነሥቶ፣ ሁለቱን ፊደል በሰማያዊ ቀለም አሳርፎ፣ ብሩሹን እንደጨበጠ ወንበሩ ላይ ሞተ። ሚስቱ ታፔላውን ማንም እንዲጨርሰው አልፈቀደችም። ለደንበኛው ሌላ አሠርታ ሰጠችና ይሄኛውን ከመስኮቱ ትይዩ ሰቀለችው። ወደ ሥራ ክፍሉ የሚገባ ሰው ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በዚያ ግማሽ ቃል ላይ ነበር። አንዳንዱ ነገር የማይገባው ደንበኛ «ይቺ ነገር አታልቅም እንዴ?» ብሎ ሲቀልድ እናትየዋ ፊቷ ይጠቁራል፤ ቀልደኛውም ቀልዱን ዋጥ አድርጎ የመጣበትን ጉዳይ ያወራል።

ልጅቱ መስኮቱን ልትከፍት ስትገባ ነው ያየችው። ቤት ውስጥ «ነጥቤ» ይሏታል። የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች አባቷ ያወጣላት ስም ነው፤ «ከአንቺ ወዲያ የሚጻፍ የለም» ይላት ነበር። የሷ ሥራ ጣውላውን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ መደቡን መቀባት፣ መስመር ማስመርና ቀለም ማዋሃድ ነው። ፊደሉ የታላቅ ወንድሟ ነው።

ተጠግታ ፊደሏን በጣቷ ጫፍ ነካቻት። ጣቷ ሰማያዊ ሆነ።

ወንድሟ ይሆናል ብላ ለማሰብ ጊዜ ወሰደባት፤ ምክንያቱም ፊደሏ የሱ አትመስልም። የወንድሟ ፊደላት ወፍራሞችና ቀጥ ያሉ፣ በሰልፍ የቆሙ የሚመስሉ ናቸው። ይቺ ግን እግሯን አልተከለችም። ወደ ታች ስትወርድ ወደ ግራ ዘንበል አለች፣ እየቀጠነች፣ እየቀጠነች ሄደችና እንደ ፀጉር ጠፋች። ይህ የአባቷ እጅ ነው። ሰፈሩ «ጅራት» ይለው ነበር። ሰው ከሩቅ ድረስ እየመጣ «ባለ ጅራቱን ጻፍልኝ» ብሎ ይለምን ነበር። ሌሎች ጸሐፊዎች ሊቀዱት ሞክረው አልሆነላቸውም። የነሱ ጅራት ተጽፎ ያልቃል፤ የሱ ግን ፊደሉን ጥሎ የሄደ ይመስላል።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቷ ከበሩ ላይ፤ ከዚያ ቀና ስትል አየችው። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች፣ ቆመች፣ እንባዋ በጣቶቿ መካከል መውረድ ጀመረ።

ወንድምየው የሸሚዙን ቁልፍ ሳይቆልፍ እያፋሸገ ገባ።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ?» አለችው ነጥቤ።

«ምኑን?»

«ይሄን ነዋ!»

ታፔላውን አየው። ቆይቶ የቀኝ እጁን አውራ ጣት አየ። ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ቀለም አለ።

«እንጃ» አለ። «እኔ ልሆን እችላለሁ።»

«ልሆን እችላለሁ ማለት ምንድነው? ጽፈህ እንደሆን ጽፈሃል!»

«እስቲ አትጩሂብኝ፣ ገና አልነቃሁም።»

«ተይው!» አለች እናትየዋ። ድምጿ ውስጥ ነጥቤ ለዓመታት ያልሰማችው ደስታ ነበር። «ምን ታደርቂዋለሽ? አባቱ ነው በሱ እጅ የጻፈው። ነገሩ የገባሽ መስሎሽ ደግሞ!»

ነጥቤ መስኮቱን ከፈተችው። የቀለም ማቅጠኛው ሽታ እንደ ሁልጊዜው ወደ ውጭ አልወጣም፤ ወይም ለሷ እንደዚያ መሰላት።

ነገሩ የጀመረው ወንድሟ ባለፈው ክረምት ከመሰላል ከወደቀ በኋላ ነው። አንድ የልብስ መደብር ግድግዳ ላይ ሲጽፍ መሰላሉ ተንሸራቶ በወገቡ ወደቀ። ሐኪሞች አስተኙት፣ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጡት፣ «ጀርባህን የሚደግፍ ወንበር ላይ ተቀመጥ» አሉት። ቤቱ ውስጥ እንደዚያ ያለ ወንበር አንድ ብቻ ነበር። እናትየዋ ከአባትየው ሞት ወዲህ ማንም ያልተቀመጠበትን ያን ባለ ቆዳ ወንበር ራሷ ጠርጋ፣ ራሷ ወደ መስኮቱ ጎትታ፣ «ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አለችው።

ወገቡ ዳነ። ከወንበሩ ግን አልተነሣም። ከጥቂት ወራት በኋላ መሄድ ጀመረ።

«መሄድ» የዚህ ቤት ቃል ነው። አባትየው ሥራ ላይ ተቀምጦ ሳለ ድንገት ብሩሹ አየር ላይ ይቆማል። አገጩ ቀስ እያለ ወደ ደረቱ ይወርዳል፣ ዓይኑ ግማሽ ይከደናል፣ ብሩሹ ግን ከእጁ አይወድቅም። ያ እንግዳ ፊደል ከየት እንደሚመጣለት ሲጠየቅ እናትየዋ «ሄዶ ነው የሚያመጣው» ትል ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ሄዷል፣ ዝም በሉ» ትላለች። ልጆቹ በእግር ጣታቸው ይራመዳሉ፣ ደንበኛው ደጅ ይጠብቃል። ከዚያ አባትየው ማንም ሳይጠራው፣ ሰው የጠራው ይመስል፣ በወፍራም ድምፅ «መጣሁ» ብሎ ቀና ይላል፤ አፍንጫውን እያከከ ፊደሉን ካቆመበት ይቀጥላል።

አሁን ወንድምየው እንዲሁ ሆነ። አገጩ ይወርዳል፣ ብሩሹ ይቆማል፣ እናትየዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። ከዚያም በዚያ ቀጭን ልጅ ደረት ውስጥ ሊኖር የማይገባው ወፍራም ድምፅ «መጣሁ» ይላል። ነጥቤ ያን ድምፅ ስትሰማ ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ይቆማል።

በሁለተኛው ሳምንት «ነ» ታየች። እሷም ባለ ጅራት ነበረች።

«አንድ ፊደል ብቻ ቀራት» አለች እናትየዋ፤ ታፔላውን ዙሪያውን በንጹሕ ጨርቅ ወለወለችው፣ ሽቶ ልትቀባው ምንም አልቀራትም። ነጥቤ ግን ስለዚያች አንድ ፊደል ስታስብ ታፔላውን ላለማየት ጀርባዋን ትሰጠዋለች። «ው» ስትጻፍ ምን ይሆናል? ብላ ራሷን ትጠይቃለች፤ መልሱን አታውቀውም፤ ማወቅም አትፈልግም።

ሲስተር የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። መንገዱ ጥግ ላይ የተከፈተው ክሊኒክ ነርስ ናት፤ አጭር፣ ሳቋ ከሷ ቀድሞ የሚገባ ሴት። ለክሊኒኩ ታፔላ ልታሠራ ነበር።

«ጅራት እንዳታደርጉበት አደራ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «በሽተኛ አንብቦ ይግባ እንጂ ቆሞ ያድንቅልኝ አላልኩም።»

ነጥቤ ሳቀች። ወንድምየው «ግድ የለም ሲስተር፣ እንደ ክትባት መርፌ ቀጥ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ» አለና መለኪያውን አነሣ። መስመሩን አሰመረ። ብሩሹን ነከረ። ብሩሹ አየር ላይ ቆመ።

እናትየዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ሲስተር ግን ይህን የቤቱን ሕግ አታውቅም። ጎንበስ ብላ ፊቱን ከሥር አየችው፤ ወደ ደረቱ ተመለከተች፤ ሳቋ የት እንደገባ አይታወቅም። ከዚያ ያለ የሌለ ድምፅዋን አውጥታ «ወንድሜ!» አለች። እናትየዋ የተመታች ያህል ደነገጠች።

«መጣሁ» አለ ወንድምየው።

«ከየት?» አለችው ሲስተር።

እሱ ሳቀ፤ አፍንጫውን አከከ፤ ብሩሹን እንደገና ነከረ።

ሲስተር ስትወጣ ነጥቤን ክንዷን ይዛ እስከ መንገዱ ወሰደቻት። «ምን ይወስዳል?»

«ማነው? ወንድሜ? እሱ እኮ እያሰበ ነው፤ አባቴም እንዲሁ…»

«ስሚኝ እህቴ፣ ክፍላችሁ ጨለማ ነው። እኔ ስገባ የበሩን ደፍ ስቼ ልወድቅ ነበር። በጨለማ ውስጥ የሰው ዓይን ብሌን ይሰፋል። የሱ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። አፍንጫውን ያካል። ሲናገር አፉ ደረቅ ነው። እንቅልፍ ሳይሆን መስጠም ነው የያዘው። ለወገቡ የታዘዘለትን ክኒን አልተወም፤ ወይም ክኒኑ አልተወውም።»

«ሱሰኛ ነው እያልሽኝ ነው?» ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ ባዕድ ነገር ተንከባለለ። ሱሰኛ ለሷ በየጥጉ የሚወድቅ፣ የሚሰርቅ፣ የሚሳደብ ሰው ነው። «ጋሼ ሥራውን ያውቃል፤ ጨዋ ነው።»

«ጨዋነቱን ማን ነካው? ሱስ ጨዋ አይመርጥም። አካሉ ክኒኑን ለምዶታል፤ ካጣው ይቀጣዋል። ያፋሽጋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ቆዳው እንደ ተነጨ ዶሮ ይሆናል። አይታመምም?»

«እሱማ ብርድ ይመታዋል፤ ግን በእረፍት ቀን ብቻ ነው። ሥራ መፍታት አይስማማውም። አባታችንም እንደዚሁ ነበር፣ እኛ እንዲያውም እንኮራበት ነበር፤ ሥራ ሲያጣ ነው የሚታመመው እያልን…»

ሲስተር ክንዷን ለቀቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «በእረፍት ቀን የሚዘጋው የናንተ ሥራ ብቻ ነው?» አለቻት።

ነጥቤ ወደ መንገዱ ማዶ አየች። ለምሳ የተዘጋው መድኃኒት ቤት በሩ ላይ አንድ አሮጌ ታፔላ ተንጠልጥሏል፤ የአባቷ ሥራ ነው። በሰማያዊ ቀለም «ዝግ ነው» ይላል። ሁሉም ፊደል ባለ ጅራት ነው።

በማግስቱ እናትየዋና ወንድምየው ሳይኖሩ ነጥቤ በወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ምን እንደጠበቀች ራሷም አታውቅም፤ ምናልባት አገጯ እንዲወርድ፣ ምናልባት አንድ ሰው ከኋላዋ እንዲተነፍስ። ምንም አልሆነም። ወንበር ነው። እጇን በመቀመጫውና በክንዱ መካከል ስታሳርፍ ግን ቆዳው ተሰንጥቆ ነበር፤ ስንጥቁ አንድ እጅ ያስገባል፤ ጠርዙም ብዙ እጅ ያለሰለሰው ነው።

እጇን ሰደደች። መጀመሪያ የወጣው አዲስ የክኒን ልጣጭ ነው፤ የሚያብረቀርቅ፣ ባዶ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተጠቀጠቀ። የወንድሟ ነው ብላ እያወጣች ወደ ውስጥ ገባች። ከሥሩ፣ ከጥጡ በታች፣ ጣቷ ቀዝቃዛ ነገር ነካ። ትናንሽ ቡናማ ብልቃጦች ነበሩ፤ ወረቀታቸው የረገፈ፣ ዛሬ የትም የማይሸጥ ዓይነት። አንዱን ወደ ብርሃን አወጣችው። መስተዋቱ ላይ የደረቀ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

አውራ ጣቷን አሻራው ላይ አስቀመጠችው። የአባቷ ጣት ሰፊ ነበር። ለካ ጅራቱ የትም ሄዶ የሚመጣ ነገር አልነበረም። እጁ ሲሰጥም ብሩሹ አብሮት የተንሸራተተበት ምልክት ነው። ከተማው ሁሉ የተደነቀበት ያ ውበት አንድ ሰው ራሱን የሳተባቸው ቅጽበቶች ናቸው፤ በየበሩ ላይ ተንጠልጥለው፣ ማንም ሳያነባቸው።

ወንድሟ ሲመጣ ልጣጩንና ብልቃጡን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችው።

«ወገቤ ነው፣ አንቺ ደግሞ» አለ መጀመሪያ እየሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ሳቁ ተወው፤ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። «መጀመሪያ እውነቴን ነው፣ ለወገቤ ነበር። ከዚያ ወገቤ ተሻለው፤ እኔ ግን አልተሻለኝም። ልተወው ብዬ ሞክሬያለሁ። ሁለት ጊዜ። አጥንቴን ከውስጥ የሚፍቀው ሰው ያለ ይመስለኛል።»

«ብልቃጦቹንስ ታውቅ ነበር?»

«የኔን ልደብቅ እጄን ስሰድ አገኘኋቸው።» ወደ ታፔላው አየ። «ምን እንደተሰማኝ ታውቂያለሽ? እፎይታ። ብቻዬን አይደለሁማ ብዬ።»

«ሲስተር መላ አለው ትላለች። በአንዴ አታቆምም፤ ቀስ እያሉ የሚያስለቅቅ መድኃኒት አለ፣ ሐኪም እያየህ። ነገ እንሂድ።»

«እንሄዳለን። ግን ለእማዬ አትንገሪ። አንድ ፊደል ቀርታለች፤ እሷን ልጨርስላትና እንሄዳለን። አይተሻት የለም ወይ? እንደዚህ ደስ ብሏት አታውቅም።»

«ጋሼ፣ ነገ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ፣ ነጥቤ። ሙች።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነጥቤ ክሊኒኩ ሄዳ ከሲስተር ጋር ቀጠሮ ይዛ ተመለሰች። ሲስተር ትንፋሽ በአፍ እንዴት እንደሚሰጥ አሳይታ ደግማ ደጋግማ ነግራታለች፦ ስትጠሪው ካልነቃ፣ ትንፋሹ እየራቀ እንደ ማንኮራፋት ከሆነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ አትጠብቂ፤ ጩኺ፣ የደረቱን አጥንት በጡጫሽ ፈትጊው፣ ወደኔ ላኪ። «ከሁሉም በላይ» አለቻት፣ «ዝም እንዳትሉ።»

ቤቱ ዝም ብሎ ነበር። እናቷ ከሥራ ክፍሉ በር ፊት ለፊት በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ እጆቿን አጣምራ ተቀምጣለች። ነጥቤን ስታይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ሄዷል» አለች በሹክሹክታ። «‹ው›ን እየጻፈ ነው።»

ነጥቤ በሩን ከፈተች። ወንድሟ ወንበሩ ላይ ነው፤ ታፔላው ጭኑ ላይ ነው። «ው» ተጽፋለች። እግሯ ወደ ግራ ዘንብላ፣ ከታፔላው ጠርዝ አልፋ፣ በሱሪው ላይ ወርዳ፣ እስከ ጉልበቱ ድረስ ሰማያዊ መስመር ጎትታለች። ብሩሹ ከእጁ አልወደቀም። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማች፤ ከጉሮሮ ሥር የሚመጣ፣ እርጥብ፣ ረጅም ማንኮራፋት። ቆመ። ሌላኛው ለመምጣት በጣም ዘገየ።

ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ሕፃን ሆና እዚሁ በር ላይ፣ በእጇ የቀለም ጨርቅ ይዛ፣ በእግር ጣቷ ቆማ ሰምታዋለች። ድምፁ ሲቆም እናቷ ፈገግ ብላ «አየሽ፣ ሩቅ ሄደ» ብላት ነበር። እስኪመሽ ድረስ ቤቱ ሁሉ ዝም ብሎ ጠብቆታል።

ወደ ፊት ልትሮጥ ስትል እናቷ ቀሚሷን ያዘቻት። የእጇ ጉልበት የአሮጊት አይደለም።

«እንዳትጠሪው!»

«እማዬ፣ ልቀቂኝ! እየሞተ ነው!»

«እንዳትጠሪው!» ፊቷ አመድ መስሏል፤ ዓይኗ ከልጇ አልተነቀለም። «ጠርተሽው… ጠርተሽው ካልመለሰስ?»

ነጥቤ ያኔ ገባት። እናቷ ያን ቀን በመጨረሻ አባቷን ጠርታው ነበር። መልስ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ የሄደን ሰው መጥራት ያስፈራታል።

ቀሚሷን መንጭቃ አስለቀቀች። «ጋሼ!» ብላ ጮኸች። በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም እንደዚያ ጮኾ አያውቅም፤ መስኮቱ የተንቀጠቀጠ መሰላት። ደረቱን በጡጫዋ ፈተገችው። ከንፈሩ ጠቁሯል። ከወንበሩ ጎትታ መሬት ላይ አጋደመችው፤ ታፔላው ተንኳኩቶ ወደቀ። «እማዬ፣ ሲስተርን ጥሪ! ሩጪ! ጩኺ!»

እናትየዋ መጀመሪያ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣም። ከዚያ ወጣ። በባዶ እግሯ መንገዱን እያቋረጠች፣ ለዓመታት የያዘችውን ጸጥታ ሁሉ በአንድ ጊዜ እየለቀቀች፣ የልጇን የልጅነት ስም እየጠራች ጮኸች። ሰው ከየሱቁ ወጣ። ነጥቤ ሲስተር ባሳየቻት መሠረት የወንድሟን አፍንጫ ይዛ ትንፋሽዋን ወደ አፉ ትሰጥ ነበር፤ ደረቱ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ከሱ የሚመጣ ነገር የለም።

ሲስተር ገብታ ሳትናገር መርፌዋን ጭኑ ላይ ወጋችው። ጠበቁ። ነጥቤ ትንፋሽ መስጠቷን አላቆመችም።

ድንገት እንደ ሰመጠ ሰው አየር ሳበ፤ ዓይኑን በለጠጠ፤ ሰውነቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «መጣሁ» አላለም። በገዛ ቀጭን ድምፁ «በረደኝ» አለ። ነጥቤ ያን ድምፅ ስትሰማ አለቀሰች።

«ወደ ሆስፒታል እንወስደዋለን» አለች ሲስተር፤ «የማርከሻው መርፌ ኃይል ሲያልቅ መልሶ ሊሰጥም ይችላል።» ሰዎች ሊያነሱት ሲሉ እናትየዋ የሲስተርን እጅጌ ያዘች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።» ድምጿ ከጩኸቱ ሻክሯል። «ያኔ… ገና ሲያንኮራፋ… እንዲህ ብንጮህ ኖሮ?»

ሲስተር ሰውን በመዋሸት የምታጽናና ሴት አይደለችም፤ እውነቱንም በዚያ ሰዓት ልትሰጣት አልደፈረችም። «አላውቅም እናቴ» አለች። «አያውቁም ነበር። ማንም አልነገረዎትም።»

ወንድምየው ሕክምናውን ጀመረ። በየቀኑ ሲስተር ዘንድ እየሄደ መድኃኒቱን እሷ እያየችው ይወስዳል፤ አንዳንድ ቀን ያኮርፋል፣ አንዳንድ ቀን ላብ ያጠምቀዋል፣ አንድ ጊዜም ሾልኮ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄዶ ነጥቤ ከበሩ መልሳዋለች። ፊደሉ ተበላሽቷል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጅራት የለውም። ሲያጎነብስ ብሩሹ አፍታ ከቆመ እናትየዋ ከየትም ሆና «አንተ!» ትላለች። እሱ ቀና ሳይል «አለሁ፣ እማዬ» ይላል። በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ «አለሁ» እንደሚል እየቀለደ፣ «ሌላ ሥራ የለኝም እኮ፣ መኖሬን መናገር ነው» ይላል።

ወንበሩን ግን ማንም አላወጣውም። ነጥቤ «እንጣለው» ስትል እናቷ «ይቆይ» ብላ ዘጋችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ክሊኒክ ሳለ ነጥቤ ቀለም ገዝታ ስትመለስ ከሥራ ክፍሉ ውስጥ ጩኸት ሰማች። ቆርቆሮዎቹን ጥላ ሮጠች።

እናቷ ብቻዋን ናት። በባዶው ወንበር ፊት ለፊት ቆማ፣ የወንበሩን ክንዶች በሁለት እጇ ጨብጣ እያነቃነቀች፣ ከመንገዱ ማዶ በሚሰማ ድምፅ ትጣራለች። «ተነሥ! ስማኝ እንጂ! ተነሥ፣ ሰው እየጠራህ ነው!»

ነጥቤ አፏን ከፈተች። በዚህ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ በእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት የሚለውን ታውቀዋለች። አላለችውም። ገብታ ከእናቷ ጎን ቆመችና፣ ባላት ድምፅ ሁሉ፣ «አባባ!» ብላ አብራት ጮኸች።

ከዚያ ሁለቱም ጆሮአቸውን ሰጥተው ቆሙ።